አደራ የበላ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ሲጠይቅ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። «መምህር፣ በባሕር ዳር የምኖር የ43 ዓመት ሰው ነኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሰፈራችን እቁብ ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። ገንዘቡን ለራሴ ጉዳይ አወጣሁት። ሲጎድል ጥርጣሬው በጸሐፊው ላይ ወደቀ፤ እኔም ዝም አልሁ። ሰውዬው በሐፍረት ከሰፈሩ ሰው ተለየ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ታሞ ሞተ። ንስሐ ገብቻለሁ፤ ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁ፤ ገንዘቡንም በንስሐ አባቴ በኩል ለአባላቱ መልሻለሁ። የጸሐፊው ሚስት ግን እስከ ዛሬ እውነቱን አታውቅም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆሜ አስቀድሼ እመለሳለሁ፤ መግባት አይገባኝም። አብሮኝ የሚሠራ ፕሮቴስታንት ባልደረባዬ ‹ዛሬ ማታ ብትሞት መዳንህን ታውቃለህ?› ብሎ ከጠየቀኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እግዚአብሔር እንደ እኔ ያለውን ይወዳል? ድኛለሁ ማለትስ እችላለሁ? ይመልሱልኝ።»

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ቃል ጎድሏል። እቁቡም፣ ዝምታውም፣ ቀኖናውም አሉ። ዋናው ነገር ላይ ስትደርስ ግን «ገንዘቡን ለራሴ ጉዳይ አወጣሁት» ብለህ አለፍህ። የአገራችን ሰው ለዚህ አጭር ስም አለው፤ አደራ በላ ይለዋል። ስሙን ታውቀዋለህ፤ ሌሊት የሚቀሰቅስህም እርሱ ይመስለኛል። ቁስልህን ለመንካት ብዬ አይደለም ያነሣሁት። ለሁለተኛው ጥያቄህ የማውቀው ከሁሉ የተሻለ መልስ በዚሁ ቃል ውስጥ ስላለ ነው። እንደርስበታለን።

ከማን ጋር እንደምትነጋገር ደግሞ እወቅ። አብነት ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ የተማርሁ፣ አሁን እዚሁ ባሕር ዳር የማስተምር ሰው ነኝ። ካህን አይደለሁም፤ ማሰርም መፍታትም የእኔ ሥራ አይደለም። የምጽፍልህን ንስሐ አባትህ ከነገሩህ ጋር አብረህ አንብበው፤ የሚጋጭ ካገኘህ የእርሳቸውን ያዝ።

«እንደ እኔ ያለውን ይወዳል?» ትላለህ። እንደ አንተ ያለውን ካልወደደማ የሚወደው ሰው የለውም። ሮሜ ምዕራፍ 5 ቁጥር 8ን ክፈት፤ «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአልና» ይላል። ተማሪዎቼን በዚህ ቁጥር ላይ «ገና» በምትለው ቃል ብቻ ሳቆያቸው ይሰለቻሉ፤ እኔ አልሰለችም። ከተመለስን በኋላ አላለም። ሐዘናችን ተመዝኖ በቂ መሆኑ ከታወቀ በኋላም አላለም። ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ «ጠላቶች ሳለን» ይላል፤ ነገሩ እየባሰ ነው የሚሄደው።

ይህን የጻፈው ማን እንደ ሆነም አስታውስ። እስጢፋኖስ ሲወገር ሳውል ድንጋይ እንዳነሣ አልተጻፈም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 እንደሚነግረን ወጋሪዎቹ ልብሳቸውን እግሩ አጠገብ አኖሩ፤ እርሱ በልቡ ተስማምቶ ቆመ። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ በኢየሩሳሌም በሕዝብ ፊት ሲናገር ይህችን ነገር አልዘለላትም፤ የገዳዮቹን ልብስ እጠብቅ ነበር አለ። አንተም ጸሐፊው በሰፈሩ አፍ ሲወገር ድንጋይ አልወረወርህም፤ ልብስ ጠበቅህ። «ገና ኃጢአተኞች ሳለን» የሚለው ቃል የመጣው ከአንድ ልብስ ጠባቂ ነው።

አንድ የልጅነት ነገር ልንገርህ፤ ጥቅሱ ከመግባቱ በፊት ነገሩ የገባኝ በዚህ ነው። ቆሎ ተማሪ ሳለሁ፣ 12 ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አኮፋዳዬን አንግቼ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ እለምን ነበር። የቆሎ ተማሪ ጠላቱ ውሻ ነው። አንድ ቀን አንዱ ሲመጣብኝ ድንጋይ ወረወርሁ፤ ውሻው ዘወር አለ፣ ድንጋዩ በሩ አጠገብ የተቀመጠውን እንስራ አገኘው። ውኃው ሲንዶለዶል እየሰማሁ ሮጥሁ። ሁለት ቀን በዚያ በኩል አላለፍሁም። በሦስተኛው ቀን የሌላው መንደር ሰው ባዶዬን ሲመልሰኝ ረኀብ እግሬን ወደዚያው ደጅ መራው። ፊቴን በደበሎዬ ሸፍኜ፣ ድምፄንም ለወጥ አድርጌ ለመንሁ። እናትየዋ ወጡ፤ አዩኝ፤ ምንም ሳይሉ ተመለሱ። ውሻውን ሊፈቱብኝ ነው ብዬ ልሮጥ ስል ትኩስ እንጀራ በሽሮ ይዘው መጡ፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው አበሉኝ። የመጨረሻዋን ጉርሻ ስውጥ «ልጄ፣ የዚያ እንስራ ዋጋ ስንት ይመስልሃል?» አሉኝ። ያች ጉርሻ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወረደችም። ክረምቱን እንጨት ስፈልጥላቸው ከረምሁ፤ ዕዳዬ ካለቀ በኋላም መሄዴን አልተውሁም።

ሴትዮዋ ሳያውቁኝ አብልተውኝ ቢሆን ኖሮ ምጽዋት በላሁ ብዬ እረሳው ነበር። ግን አውቀውኝ ነው ያበሉኝ። እንስራውንም አልረሱትም፤ ከእንጀራው በኋላ አመጡት። አንተ ደብዳቤህ ውስጥ የሳልኸው እግዚአብሔር ከእኒህ የጎጃም እናት ያነሰ ነው፤ መጀመሪያ ዋጋውን አስከፍሎ፣ ሒሳቡ ሲዘጋ ምናልባት እንጀራ የሚያወጣ። ይህን በድፍረት እልሃለሁ፤ እንዲህ ያለውን አምላክ ወንጌል አያውቀውም።

ዘጌ ሄደህ ታውቅ ይሆናል። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከወደቡ በቡናው ጫካ መካከል ሽቅብ ትሄድና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ትደርሳለህ። በዚያ ክብ ቤተ ክርስቲያን የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። ቱሪስቶቹ ቀለሙን ያደንቃሉ፤ አስጎብኚውም አንድ ሥዕል ፊት ቆሞ «ይህ ሰው በላው ነው» ሲል ይሥቃሉ፤ ከዚያ ያልፋሉ። አንተ እዚያ ጋ ቁም።

ታሪኩን ከእናትህ ጉያ ሳለህ ጀምሮ ሰምተኸዋል፤ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ሳይነገር አያልፍም። የቅምር አገር ሰው በላዔ ሰብእ ቤተ ሰቡን ሳይቀር 78 ነፍስ በላ። አንድ በለምጽ የተመታና የተጠማ ድሃ በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እምቢ አለ፤ በቅዱሳን ስም ቢለምነው እምቢ አለ፤ በማርያም ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሞቶ ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብ በአንደኛው ወገን የተበሉት፣ በሌላው ወገን ያች ጥርኝ ውኃ ተቀመጠች። የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት የውኃው ወገን ደፋ፤ ሰውየውም ተማረ።

በዚህ ታሪክ የሚሣለቁ አሉ፤ ከእነርሱ ጋር አልከራከርም። የሚያሳስበኝ የእኛው ሰው አነባበብ ነው። አንዳንዱ እንደ ገበያ ዋጋ ያነበዋል፤ 78 ሰው በጥርኝ ውኃ፣ እጅግ ርካሽ። እንዲህ ካነበብነው ሥዕሉ በተበሉት ላይ ስድብ ይሆናል። እኔ ከሥዕሉ ፊት ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ፤ ሁለት ነገር አይቼበታለሁ። ውኃው ብቻውን አልደፋም። ከሰውየው እጅ የወጣው መልካም ነገር ሁሉ ተደምሮ ጥርኝ ነው፤ ያች ጥርኝም ጥላ አስፈለጋት። ሁለተኛው ደግሞ ላንተ ነው፤ የተበሉት ከሚዛኑ አልወረዱም። ምሕረቱ እነርሱን ከቁጥር አላወጣም፤ «ምንም አልሆነም» አላለም። ክብደታቸው እንዳለ ሆኖ ነው የተማረው። የሟቹ ጸሐፊ ክብደት በልብህ ላይ መኖሩ እንግዲህ ያልተማርህ ለመሆንህ ምልክት አይደለም። እንዲያውም በሚዛኑ ላይ ማን እንደ ተቀመጠ የማያይ ሰው ምሕረት እንደ ተደረገለት በምን ያውቃል?

አሁን ወደ ባልደረባህ ጥያቄ። በእርሱ አትቆጣ። «ዛሬ ማታ ብትሞት» ብሎ ወዳጁን የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ ስለ ወዳጁ ነፍስ ግድ ይለዋል፤ እኛ ጎረቤታችንን ስለ ቤት ኪራይ እንጂ ስለዚህ አንጠይቅም። ብቻ ጥያቄው በአንድ ቃል መልስ እንድትሰጥ ያጣድፍሃል፤ መጽሐፉ ግን አይጣደፍም። ግሱን በሦስት ጊዜ ያረባዋል። ሮሜ 8፥24 «በተስፋ ድነናልና» ይላል፤ ያለፈ ነው። አንደኛ ቆሮንቶስ 1፥18 የመስቀሉን ቃል «ለእኛ ለምንድን» የእግዚአብሔር ኃይል ነው ይላል፤ ገና እየተደረገ ያለ ነው። ሮሜ 5፥9 እና 10 ደግሞ «እንድናለን» ይላል፤ የሚመጣ ነው። ሦስቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ አንዱን ይዞ ሁለቱን የጣለ ሰው ጳውሎስን በሲሶ ነው ያነበበው። ለባልደረባህ ሦስቱንም ንገረው፤ ምናልባት ሻይ እየጠጣችሁ ጥሩ ጨዋታ ይወጣው ይሆናል።

አንተን የቸገረህ ግን የግስ እርባታ አይደለም። እርግጠኛ መሆን ፈልገህ እርግጠኝነቱን የፈለግኸው በተሳሳተ ቦታ ነው። በዚህ ከተማ «ድኛለሁ» ብለው የሚዘምሩ፣ ሌሊት ግን «በእውነት አምኜ ነበርን?» እያሉ የሚገላበጡ ሰዎች አነጋግሬአለሁ። የእኛ ወገን ደግሞ «በእውነት ንስሐ ገብቼ ነበርን? እንባዬ በቂ ነበርን? ስግደቱን አጉድዬ ይሆን?» እያለ ይገላበጣል። የሁለቱም በሽታ አንድ ነው። አንዱ ወደ ገዛ እምነቱ፣ ሌላው ወደ ገዛ ሐዘኑ ጉድጓድ ይወርድና ዐለት እስኪያገኝ ሲቆፍር ያድራል። እዚያ ዐለት የለም። ዕድሜህን ሙሉ ብትቆፍር የምታገኘው አፈር ነው።

እንግዲህ ያን የሸሸኸውን ቃል አምጣው። ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 1፥12፦ «ያመንሁትን አውቃለሁና፥ የሰጠሁትንም አደራ እስከዚያ ቀን ድረስ ሊጠብቅ እንዲችል ተረድቼአለሁ።» ምን ያህል እንዳመንሁ አውቃለሁ አላለም፤ ያመንሁት ማን እንደ ሆነ አውቃለሁ አለ። ቀጥሎ አደራ አለ። ጳውሎስ ታስሮ ሞቱን ሲጠብቅ ነፍሱን እንደ እቁብ ገንዘብ ለአንድ ገንዘብ ያዥ ሰጥቷል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ። ወንድሜ፣ አንተ አደራ መጠበቅ አቅቶህ ያየህ ሰው ነህ። ታዲያ ከሰው ሁሉ ይልቅ አንተ ልታውቀው የሚገባህ ነገር ነፍስህ በአንተ እጅ ብትሆን ምን እንደሚገጥማት ነው! እንኳንም ገንዘብ ያዡ አንተ አልሆንህ። የሚጠብቃት አደራ አይበላም።

ስለዚህ ለባልደረባህ «በራሴማ አንዲት ሌሊት አልተማመንም፤ የሰጠሁትን ግን አውቀዋለሁ» ብትለው ሐሰት አልተናገርህም፤ ትዕቢትም አይደለም። «እንደ ቆመ የሚመስለው እንዳይወድቅ ይጠንቀቅ» የሚለውም ቦታውን አይለቅም፤ ልጅ የአባቱን እጅ ይዞ ገደል አጠገብ ሲሄድ ይጠነቀቃል፣ ግን አይንቀጠቀጥም። «እንዲህ ከሆነ እንደ ልቤ ልኑር?» የሚልም አይጠፋም፤ ሮሜ 6 ከጀመረበት ዐረፍተ ነገር ላይ መልሶለታል፤ የአንተም ደብዳቤ የዚህ ሰው ደብዳቤ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

በሩ ላይ መቆምህን ግን አላልፈውም።

በ250 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ንጉሠ ነገሥቱ ዳክዮስ ክርስቲያኖችን ለጣዖት ሠዉ ብሎ ሲያስገድድ ብዙዎች ፈርተው ሠዉ። ስደቱ ሲያልፍ እያለቀሱ ተመለሱ። በሮም የነበረው ኖቫቲያን እነዚህ ዳግመኛ ወደ ቁርባን አይቀርቡም አለ፤ እግዚአብሔር ቢምራቸው ይማራቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ደጇን አትከፍትላቸውም አለ። ተከታዮቹ ራሳቸውን ንጹሓን ብለው ተለዩ። በ325 ሠለስቱ ምዕት በኒቅያ ሲሰበሰቡ ከእነዚህ ሰዎች መመለስ የሚፈልግ ካለ በስደቱ ጊዜ ከወደቁትና ንስሐ ከገቡት ጋር አብሮ ለመቁረብ በጽሑፍ እንዲስማማ ወሰኑ። በአምስተኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈ አንድ ታሪክ እንደሚለው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ የንጹሓኑን ኤጲስ ቆጶስ አቄስዮስን ሐሳቡን ካዳመጠው በኋላ «እንግዲያውስ መሰላል አቁምና ብቻህን ወደ ሰማይ ውጣ» አለው። ንጉሡን ብዙ አልወደውም፤ ይህችን ንግግሩን ግን እወዳታለሁ። ኖቫቲያን በሌላው ላይ ደጅ ዘጋ። አንተ ደግሞ የገዛ ራስህ ኖቫቲያን ሆነህ በራስህ ላይ ዘግተሃል፤ ካህኑ የፈቱህን አንተ አስረሃል።

አማርኛችን እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለው። ግዕዙ «ይደሉ» እና «ቦአ» ብሎ የሚለያያቸውን አማርኛ በአንድ ግስ ይላቸዋል። ቤት ይገባል፤ ነገር ይገባል፤ ክብር ለሰው ይገባል፤ ሰው ንስሐ ይገባል። አንተ «ንስሐ ገብቻለሁ፤ መግባት ግን አይገባኝም» ትላለህ። የመቶ አለቃውም «በቤቴ ጣራ ከታች ልትገባ አይገባኝም» ብሏል። እውነቱን ነው፤ አንተም እውነትህን ነው፤ አይገባህም። ለማንም አይገባም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ይህን የመቶ አለቃ ቃል በማን አፍ እንዳስቀመጠችው ታውቃለህ? ቅዱስ ቁርባን ሊቀበል በቀረበው ሰው አፍ ነው። በቅዳሴው ከመቁረብ በፊት የሚጸለየው ጸሎት የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው። «አይገባኝም» ወደ ፊት እየቀረቡ የሚሉት ነው፤ አንተ እያልኸው የምትመለሰው ወደ ኋላ ነው።

የጠፋው ልጅም ንግግሩን በመንገድ ላይ አጥንቶ ነበር። «ልጅህ ልባል አይገባኝም፤ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» ሊል። ሉቃስ 15 ቁጥር 19ን ከቁጥር 21 ጋር አስተያይ፤ አባቱ አንገቱን አቅፎ ከሳመው በኋላ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ተናገረ። «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ» የምትለዋ ከአፉ ሳትወጣ አባትየው ልብስና ቀለበት አዘዘ። አንተ የያዝኸው ያችን ያልተባለችውን ክፍል ነው። ደጅ ላይ ቆሞ የሚያስቀድስ ሞያተኛ ልሁን ትላለህ፤ አባትየው ግን ይህን ውል አልፈረመም።

ደግሞ ከበሩ ውጭ ሆነህ በድምፅ ማጉያው የምትሰማው ቅዳሴ ምን እንደሚልህ አድምጥ። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ይላል፤ ቅዱሱ ነገር ለቅዱሳን ነው ማለት ነው። አንተ ይህን ስትሰማ አንገትህን የምትደፋ ይመስለኛል። የሕዝቡን መልስ ግን ሰምተኸዋል? «እኔ ቅዱስ ነኝ» የሚል የለም፤ «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ነው። ከዚያ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይባላል። ዲያቆኑም «እለ ውስተ ንስሐ ሀለውክሙ አትሕቱ ርእሰክሙ» ይላል፤ በንስሐ ያላችሁ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ። በስምህ እየጠራህ ነው። ይህ ጥሪ ከበሩ ውጭ ባጃጅ ለሚጠብቀው አይደለም፤ ውስጥ ለቆመው ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውስ ሜዳ ስሙ ማን ነው? ዐውደ ምሕረት። ስም ያወጡት አባቶች ለማን እንዳዘጋጁት የዘነጉ አይመስለኝም። ወደ ቁርባን የምትቀርብበትን ጊዜ የሚወስኑት ንስሐ አባትህ ናቸው፤ ዐውደ ምሕረት ውስጥ ለመቆም ግን ማንንም ማስፈቀድ የለብህም።

አሁን የከበደው። ደብዳቤህ ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «የጸሐፊው ሚስት ግን እስከ ዛሬ እውነቱን አታውቅም»። በመካከል ሸጉጠሃታል፤ ግን ያንተ እንቅልፍ የተቀበረው እዚያ ይመስለኛል። ገንዘቡን መልሰሃል፤ ስሙን አልመለስህም። ከእቁቡ የጎደለው ብር በመዝገብ ስለ ተጻፈ ለመመለስ ቀለለህ፤ የጎደለው ስም ግን መዝገብ የለውም። ያች ሴት እስከ ዛሬ የሌባ ሚስት ናት። ልጆች ካሉም የሌባ ልጆች ናቸው።

ዘኬዎስን ታውቀዋለህ። ከዛፍ ላይ ሳለ ከጌታ የሰማው ቃል «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና» የሚል ነው። አንተ «አይገባኝም» ስትል እርሱ «ይገባኛል» ይላል፤ ግድ ይለኛል ማለቱ ነው። ገባ፤ ተስተናገደ። ዘኬዎስ ስለ ገንዘብ አፉን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። የተናገረውንም አስተውለህ አንብብ፤ «ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» አለ። በሐሰት ከስሼ! ለአንተ የተጻፈ አይመስልም? ጌታ ወደ ቤቱ የገባው ዘኬዎስ ስለ ከፈለ አይደለም፤ ስለ ገባ ግን ዘኬዎስ ከፈለ። እናትየዋ እንጀራውን አስቀድመው እንስራውን እንዳስከተሉት ነው።

ስለዚህ ለሴትዮዋ እውነቱን የምትነግራት ለመወደድ ብለህ ከሆነ አትሂድ። ተወድደሃል። ስለ ተወደድህ ሂድ።

አካሄዱን በተመለከተ ያየሁትን ልንገርህ። ብቻህን በድንገት በሯን አታንኳኳ። ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ እርሷ የምታከብራቸው ሁለት ሽማግሌዎች ይፈለጉ። ነገሩ ገንዘብ ስላለበት ሕግ የሚያውቅ ሰው አስቀድመህ ብታማክር ነውር የለውም፤ መዘዙን እያወቁ መሄድ ሳያውቁ ከመሄድ ይሻላል። በተዝካሩ ሰሞን ወይም በዓመት በዓል አትሂድ። ስትናገር አታብራራ፤ ያኔ ችግር ላይ እንደ ነበርህ፣ ልጅህ ታሞ እንደ ነበር፣ ይህን ሁሉ ተወው። «ገንዘቡን የወሰድሁት እኔ ነኝ፤ ባለቤትሽ ንጹሕ ነበር» ይበቃል። በዚያው ቀን «ይቅር በይኝ» አትበላት። ከአንድ ሰው ስሙን ወስደህ፣ ዘጠኝ ዓመት አቆይተህ፣ በመለስህ ሰዓት ይቅርታ ስጪኝ ማለት ሌላ ብድር መጠየቅ ነው። በራሷ ጊዜ ትስጥህ፤ ወይም አትስጥህ። ባትሰጥህ የእግዚአብሔር ፍቅር ከእርሷ ፊት ጋር አብሮ አይጠቁርም። ሐሜቱ በሰፈር ፊት ስለ ነበር ስሙም በሰፈር ፊት መመለስ አለበት፤ የእቁቡ አባላት የነበሩት ከአንተው አፍ ይስሙት። ይህ ከሁሉ ይከብድሃል። የቀለለ መንገድ ፈልጌ አላገኘሁልህም።

አንድ መለያ ልስጥህ፤ ሌሊት የሚመጣው ድምፅ ከየት እንደ ሆነ እንድታውቅ። ከሳሹ «አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ» ይላል፤ የምትሠራው ነገር አይሰጥህም፤ ብቻ ያገላብጥሃል። የእግዚአብሔር መንፈስ ሲወቅስ ግን አድራሻ ይሰጣል፤ እዚያ ሂድ፣ ለእገሊት ይህን ንገር ይላል። የመጀመሪያውን አትስማው፤ ዮሐንስ በመልእክቱ «እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነውና» ያለው ለእንዲህ ያለው ሌሊት ነው። ሁለተኛውን ግን ስማው። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ምግብ ካስጠላህ፣ ወይም መሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ግን ነገ ሳትል ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ለቅርብ ሰውህም ዛሬውኑ ተናገር። ጸበሉም ሐኪሙም የአንዱ ባለቤት ናቸው።

ስለ ሟቹ አልጠየቅኸኝም፤ ግን ልትጠይቀኝ እንደ ፈለግህ ይሰማኛል። ይቅርታ ልትጠይቀው አትችልም፤ ልትጸልይለት ግን ትችላለህ፤ ቤተ ክርስቲያንም ስለ አንቀላፉት ሁልጊዜ ትጸልያለች። ወደ መቅደስ የሚላከው ግን የእቁብ ስሙ አይደለም፤ የክርስትና ስሙ ነው። አንተ አብረኸው እቁብ ስትጥል ዓመታት ኖረህ ያን ስም አታውቀውም ይሆናል። እርሷ ታውቀዋለች።